የውሻዬ የታይሮይድ ካንሰር «ኮምፓክት ወይስ ሜዱላሪ» ተብሏል፤ ለመለየት ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋልን?

የቡቺ ባለቤት (ሲያትል)

የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ በተለይም የእንስሳት ሐኪሞች፣ ስለ አንድ የፓቶሎጂ ውጤት ማብራሪያ እንድትሰጡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ዐሥር ዓመት ያለፈው ቡቺ የሚባል ቢግል ውሻ አለኝ። ከጉሮሮው በስተግራ፣ ከማንቁርቱ ዝቅ ብሎ፣ ጠንከር ያለና በጣት ሲገፉት ወዲያና ወዲህ የሚል እብጠት ወጣበት። አያመውም፤ እንደ ወትሮው ይበላል፣ ይሮጣል። ሐኪሟ በቀጭን መርፌ ናሙና ስትወስድ የመጣው ደም ብቻ ነበር፤ በሌላ ቀን በአልትራሳውንድ እየተመራች ስትደግመው ግን «የታይሮይድ (በአንገት ያለው ሆርሞን አመንጪ ዕጢ) ሕዋሳት ናቸው፤ ካርሲኖማ (ካንሰር) ሳይሆን አይቀርም» የሚል መልስ ተገኘ። የአንገቱና የደረቱ ሲቲ ስካን ከተነሣ በኋላ እብጠቱ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል።

አሁን የደረሰኝ የፓቶሎጂ ጽሑፍ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የታይሮይድ ካርሲኖማ፤ ሕዋሳቱ ጥቅጥቅ ብለው የተደረደሩ ናቸው፤ ሽፋኑን ሰርጎ አልፏል፤ በደም ሥር ውስጥ በግልጽ የታየ የካንሰር ሕዋስ የለም። ኮምፓክት ፎሊኩላር ዓይነት ይመስላል፤ ሆኖም ሜዱላሪ ካርሲኖማን ለመለየት የካልሲቶኒንና የታይሮግሎቡሊን ማቅለሚያ ይመከራል።»

ያልገባኝ ነገር ብዙ ነው። የደም ምርመራው የቲ4 (የታይሮይድ ሆርሞን) መጠን ትክክል ነው ካለ፣ ካንሰሩ የታይሮይድ ሊሆን የሚችለው እንዴት ነው? ዓይነቱስ በመጀመሪያው የመርፌ ናሙና ያልታወቀው ለምንድን ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ እብጠቱ አንዴ ከወጣ በኋላ ለተጨማሪ ማቅለሚያ ገንዘብ መክፈሉ ለቡቺ የሚለውጥለት ነገር አለን?

የእንስሳት ፓቶሎጂስት (ዊስኮንሲን)

እግዚአብሔር ይማርልዎ። ጥያቄዎ የሥራዬ ዋና ጉዳይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ብመልስ እንደማይሰለቹ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከቲ4 ልጀምር። የውሻ የታይሮይድ ካንሰር በአብዛኛው ሆርሞን አያመርትም። ደማቸው ከመጠን ያለፈ ሆርሞን የሚያሳየው ከመቶው ከ10 እስከ 20 የሚሆኑት ብቻ ናቸው። ጥቂቶቹ ደግሞ ካንሰሩ ጤነኛውን ዕጢ ስለሚያጠፋባቸው የሆርሞን እጥረት ይታይባቸዋል፤ የቀሩት፣ ማለትም የሚበዙት፣ እንደ ቡቺ ትክክለኛ መጠን አላቸው። ስለዚህ ትክክለኛ ቲ4 ካንሰር የለም ማለት አይደለም። ብዙ ሰው በድመት የሚያውቀውን ወደ ውሻ ስለሚያመጣው እዚህ ላይ ይሳሳታል። በድመት የታይሮይድ እብጠት በአብዛኛው ገር ነው፤ ሆርሞንም ያበዛል። በውሻ ግን በእጅ ተዳስሶ ከሚገኘው የታይሮይድ እብጠት ከመቶ 90 ያህሉ አደገኛ ነው፤ ሆርሞኑም እንደ ተባለው ዝም ይላል።

የመርፌው ናሙና ደም ብቻ መሆኑ የሐኪሟ ጉድለት አይደለም። ይህ ካንሰር የደም ሥር እጅግ የበዛበት ነው። በሲሪንጅ አጥብቆ መሳብ ደሙን ያበዛዋል፤ ስለዚህ 25 ቁጥር መርፌ ብቻውን፣ ሳይሳብ፣ በአልትራሳውንድ እየተመሩ ማስገባት የተሻለ ነው። ናሙናው ሲሳካ በመስታወቱ ላይ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ሳይቶፕላዝማቸው የተገፈፈ፣ ኒውክሊየሳቸው ብቻ የቀረ ሕዋሳት ነው፤ አንዳንዶቹ ጥቁር ሰማያዊ ቅንጣት ይይዛሉ፣ እዚህም እዚያም ሮዝማ ኮሎይድ (ታይሮይድ ሆርሞኑን የሚያከማችበት ዝልግልግ ነገር) ይገኛል። ይህ «ታይሮይድ ነው» ለማለት ያበቃል። ነገር ግን በውሻ ታይሮይድ ውስጥ የካንሰሩ ሕዋሳት ብዙ ጊዜ እርስ በርሳቸው የሚመሳሰሉና የዋሆች ይመስላሉ፤ አደገኛነታቸው የሚታወቀው ሽፋኑን ወይም የደም ሥሩን ሰርገው ሲታዩ ነው፤ ይህንን ደግሞ መርፌ ሊያሳይ አይችልም። በወፍራም መርፌ ቁራጭ መውሰድ ከባድ የደም መፍሰስ ስለሚያስከትል ዕጢው ታይሮይድ መሆኑ በተጠረጠረበት ቦታ እኔ አልመክረውም።

ወደ ዓይነቱ ስንመጣ፣ በታይሮይድ ውስጥ ሁለት የተለያዩ የሕዋስ ወገኖች አሉ። ፎሊኩላር ሕዋሳት አዮዲን ወስደው ቲ4 ያመርታሉ፤ በመካከላቸው ተሰባጥረው የሚገኙት ሲ ሕዋሳት ደግሞ ካልሲቶኒን ያመርታሉ። ከመጀመሪያዎቹ የሚነሣው ካንሰር ፎሊኩላር፣ ኮምፓክት፣ የሁለቱ ድብልቅ፣ አልፎ አልፎም ፓፒላሪ ወይም ፈጽሞ ቅርጹን ያጣ ይሆናል፤ ከሲ ሕዋሳት የሚነሣው ሜዱላሪ ይባላል። ችግሩ ኮምፓክቱና ሜዱላሪው በተለመደው ሮዝና ወይን ጠጅ ማቅለሚያ ሲታዩ መንትያ መምሰላቸው ነው። ሁለቱም በቀጭን የደም ሥሮች የተከፋፈሉ ጥቅጥቅ ያሉ የሕዋስ ክምሮች ናቸው፤ ኮሎይድ የሚባል ነገር ላይታይባቸው ይችላል። ልምድ ያለው ዓይን እንኳ ሊወራረድ የማይገባው ቦታ ነው። ስለዚህ ባልደረባዬ ካልሲቶኒንን (የሲ ሕዋሳትን ምልክት) እና ታይሮግሎቡሊንን (ፎሊኩላር ሕዋሳት ቲ4 የሚሠሩበትን ፕሮቲን) በቀለም የሚያሳይ ማቅለሚያ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ቀዶ ሐኪም (ቶሮንቶ)

ለዶክተሩ ማብራሪያ አክብሮት እያለኝ፣ የገንዘቡን ጥያቄ ከሌላ አቅጣጫ ልመልከተው። የባለቤቱ ኪስ ወሰን ካለው፣ እኔ የማስቀድመው የካንሰሩን ስም ሳይሆን የደረሰበትን ደረጃ ነው። የቡቺን ዕድሜ ይበልጥ የሚወስኑት የእብጠቱ መጠን፣ ከጎረቤት አካል ጋር ተጣብቆ እንደሆነ፣ የደም ሥር ሰርጎ እንደሆነ፣ አንድ ወገን ወይስ ሁለቱም እንደሆነ፣ እንዲሁም ወደ ንፍፊትና ወደ ሳንባ ተዛምቶ እንደሆነ ናቸው። በዓለም የጤና ድርጅት አመዳደብ ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነው አንደኛ፣ ከ2 እስከ 5 ያለው ሁለተኛ፣ ከ5 በላይ የሆነው ሦስተኛ ክፍል ሲሆን፣ እያንዳንዱ ደግሞ የሚንቀሳቀስና የተጣበቀ ተብሎ ይከፈላል። የሚንቀሳቀሰው በቀዶ ሕክምና ብቻ ወጥቶ ከውሾቹ ግማሽ ያህሉ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የኖሩበት ጥናት አለ፤ የተጣበቀውን ግን ብዙ ጊዜ ጨረር ይቅደመው እንላለን።

በምርመራው ጊዜ ከሦስት ውሾች በአንዱ ካንሰሩ ቀድሞ የተዛመተ ሆኖ ይገኛል። የሚዛመተውም ወደ ሳንባና ከጉሮሮ ጀርባ ወዳሉት ንፍፊቶች ነው። እነዚህን ንፍፊቶች ከውጭ በእጅ መዳሰስ ስለማይቻል «አንገቱን ዳስሼ ምንም አላገኘሁም» የሚል ሐኪም ገና አልመረመራቸውም ማለት ነው። ቡቺ ሲቲ ስካን ስለተነሣ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ጤነኛ ታይሮይድ በውስጡ ባለው አዮዲን ምክንያት በሲቲ ላይ ብርሃን ሆኖ ይታያል፤ ካንሰሩ ግን አዮዲኑን ስለሚያጣ ደብዘዝ ይላል፤ ስለዚህ የቀኙ ወገን ጤነኛ መሆኑንም ከዚያው ምስል ማንበብ ይቻላል። ባለቤቱ የሲቲውን ጽሑፍ ደግመው ያንብቡና ስለ ንፍፊቶቹና ስለ ቀኙ ዕጢ በቃል የተጻፈ ነገር ከሌለ ይጠይቁ። ይህ ጥያቄ ገንዘብ አያስወጣም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ገንዘብ ከተረፈ ማቅለሚያው ይሠራ።

የእንስሳት ፓቶሎጂስት (ዊስኮንሲን)

ዶክተር፣ ደረጃው ይቅደም በሚለው እስማማለሁ። ስሙ ግን ጌጥ አይደለም። ለምሳሌ ካንሰሩ ወደፊት ቢመለስ አንዱ የሕክምና አማራጭ ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ነው። ሲ ሕዋሳት አዮዲን አይወስዱም፤ ስለዚህ ሜዱላሪ የሆነን ውሻ ለዚያ ሕክምና መላክ ከንቱ ወጪ ነው። ሜዱላሪ ደግሞ በአብዛኛው ድንበሩ የተለየ፣ ለማውጣት የሚመች፣ የመዛመት ጠባዩም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ተጨማሪ መድኃኒት ይሰጥ ወይስ በክትትል ብቻ ይቆይ በሚለው ላይ ይመዝናል። በሌላ ጫፍ ካርሲኖሳርኮማ የሚባል በእውነት ብርቅ የሆነ ዓይነት አለ፤ ከታይሮይድ ሕዋሳት ጋር አጥንት ወይም ልም አጥንት የሚሠራ ሳርኮማ (የደጋፊ ሕብረ ሕዋስ ካንሰር) ተቀላቅሎ ይገኝበታል፤ ቶሎ ይዛመታል። እሱን የሚያመልጠን ብዙ ጊዜ ከትልቅ እብጠት አንድ ቁራጭ ብቻ ሲላክልን ነው።

ስለ ሜዱላሪ ብርቅነትም አንድ ቃል ልጨምር። ቀድሞ እጅግ ጥቂት ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ፣ በማቅለሚያ የተደገፈ ጥናት ግን ከመረመራቸው የታይሮይድ ካንሰሮች ሲሶ ያህሉን ሜዱላሪ ሆነው አግኝቷቸዋል። ሌላ ቦታ ቁጥሩ ከዚህ ሊያንስ ይችላል፤ የኔ ግምት ግን ብርቅነቱ በከፊል ከአለመፈለግ የመጣ ነው የሚል ነው።

ማቅለሚያውን በማይክሮስኮፕ ሳነብ የማደርገውን ልንገራችሁ፤ ውጤቱን «አዎንታዊ» ወይም «አሉታዊ» በሚል አንድ ቃል የሚያነቡ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነውና። ካልሲቶኒን ያለበት ሕዋስ ሳይቶፕላዝማው ቡናማ ይሆናል። መጀመሪያ የምፈልገው ካንሰሩን ሳይሆን በጠርዙ የተረፈውን ጤነኛ ዕጢ ነው፤ በዚያ ያሉት ጥቂት ሲ ሕዋሳት ቡናማ ካልሆኑ ማቅለሚያው አልሠራምና ካንሰሩ ባዶ መሆኑ ምንም አይነግረኝም። በታይሮግሎቡሊን በኩል ወጥመዱ ሌላ ነው። ታይሮግሎቡሊን ከተጎዱ ፎሊክሎች (ፎሊኩላር ሕዋሳት የከበቧቸው ትንንሽ ከረጢቶች) ወጥቶ ወደ ጎረቤት ሕብረ ሕዋስ ስለሚፈስ፣ በካንሰሩ ተውጠው የቀሩ ጤነኛ ፎሊክሎችም ስላሉ፣ ሜዱላሪ የሆነ እብጠት በጠርዙ ላይ «አዎንታዊ» ሊመስል ይችላል። የሚቆጠረው በካንሰሩ መካከል፣ በራሱ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ቀለም ነው። በኮምፓክት ካንሰር ደግሞ ይህ ቀለም ሊደበዝዝ፣ በኒውክሊየሱ አጠገብ ነጥብ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ቲቲኤፍ-1 የሚባለው ማቅለሚያ በሁለቱም ወገን አዎንታዊ ስለሚሆን «ከታይሮይድ ነውን?» ለሚለው ይጠቅማል እንጂ «ከየትኛው ወገን ነው?» ለሚለው አያገለግልም።

የእንስሳት ሐኪም (አዲስ አበባ)

ውይይቱ እጅግ ጠቃሚ ሆኖ ስላገኘሁት ከእኛ ሁኔታ አንጻር ጥያቄ ላቅርብ። እኔ ባለሁበት ክሊኒክ ለእንስሳት የሚሆን ሲቲ ስካን የለም። ውሻ ይዘው ከሚመጡት ሰዎች የሚበዙት ደግሞ እብጠቱን «እንቅርት ነው፣ አዮዲን ያለው ጨው ይበቃዋል» ብለው ራሳቸው ፈርጀውት ነው የሚመጡት፤ በደጋው አገራችን የሰው እንቅርት የታወቀ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። እንደዚህ ባለ ቦታ የትኛውን እርምጃ ላስቀድም? ለሌላ ቤተ ሙከራ ናሙና ስልክስ እንዴት ላዘጋጀው?

ቀዶ ሐኪም (ቶሮንቶ)

ወንድሜ፣ ያለዎት ነገር ከሚያስቡት በላይ ነው። ከአዮዲን እጥረት የሚመጣ እንቅርት ሁለቱንም ወገን አመሳስሎ ያሳብጣል። በዕድሜ በገፋ ውሻ፣ በአንድ ወገን፣ ጠንክሮ የወጣ እብጠት ግን ሌላ ነገር መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ ካንሰር ነው ተብሎ ይያዛል፤ ጨው እየሰጡ መቆየት የሚንቀሳቀሰው እብጠት እስኪጣበቅ መጠበቅ ነው።

እጅዎ የመጀመሪያው መሣሪያ ነው፤ እብጠቱ ከሥሩ ይንቀሳቀሳል ወይስ አይንቀሳቀስም? ቀጥሎ ፊቱን ይመልከቱ፤ በእብጠቱ ወገን የዓይኑ ብሌን ጠብቦ፣ የላይኛው የዓይን ቆብ ወርዶ፣ ሦስተኛው የዓይን ሽፋን ወጥቶ ከሆነ በአንገት የሚያልፈው ነርቭ ተነክቷል ማለት ነው። የጩኸቱ ድምፅ መለወጥም እንዲሁ ነው። አልትራሳውንድ ካለ እብጠቱ ካሮቲድ ወደሚባለው ትልቅ የአንገት ደም ሥር ምን ያህል እንደተጠጋ ያሳይዎታል፤ መግል፣ የምራቅ ከረጢት ወይም ያበጠ ንፍፊት ከሆነም በዚያው ይለያል። ለደረት በሦስት አቅጣጫ ራጅ ያንሡ፤ ትንንሽ ነጥቦችን ከሲቲ ያነሰ ቢያሳይም ከምንም ይሻላል። ቢላዋ ከመንካትዎ በፊት የደም መርጋት ምርመራ አይርሱ፤ ይህ ካንሰር የደም መርጋትን ሥርዓት የሚያናጋበት ጊዜ አለ። ካልሲየምም ይለካ።

የእንስሳት ፓቶሎጂስት (ዊስኮንሲን)

ስለ ናሙናው፦ 10 በመቶ ፎርማሊን፣ ከናሙናው ዐሥር እጥፍ የሚሆን መጠን፣ አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ። በጠባብ ጠርሙስ ተጠቅጥቆ የመጣ እብጠት በፎርማሊኑ ሲጠነክር ስለማይወጣ ጠርሙሱን ሰብረን የምናወጣበት ጊዜ አለ። እብጠቱ ትልቅ ከሆነ ፎርማሊኑ ወደ መካከሉ እንዲዘልቅ በአንድ ወገን እስከ አጋማሹ ይሰንጥቁት፤ ከመሰንጠቅዎ በፊት ግን የተቆረጠበትን ጠርዝ በቀለም ምልክት ያድርጉበት፤ አለዚያ ጠርዙ ንጹሕ መሆን አለመሆኑን ልንነግርዎ አንችልም። በረዶ ውስጥ አያስገቡት። ናሙናው በፎርማሊን ውስጥ ለወራት ከቆየ ማቅለሚያዎቹ እየደከሙ ስለሚሄዱ፣ መላኪያው የሚዘገይ ከሆነ በአቅራቢያዎ ባለ የፓቶሎጂ ክፍል ናሙናውን በሰም ውስጥ አስገብተው እንዲያደርቁት አድርገው የሰሙን ቁራጭ መላክ ይሻላል። እኔ በቢሾፍቱ ስማር የነበሩት መምህራን ሰሙን እንደ ሰነድ እንድንይዘው ያሳስቡን ነበር።

ቦክሰር አርቢ (ፍራንክፈርት)

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ቦክሰሮችን አረባለሁ። ዝርያችን ለታይሮይድ ካንሰር ከቢግልና ከጎልደን ሪትሪቨር ጋር አብሮ ይጠቀሳል። ግን በአንዱ ውሻዬ ላይ በአንገት የታየው እብጠት መጨረሻ ላይ ታይሮይድ አልነበረም፤ በካሮቲድ ደም ሥር መገናኛ ላይ የሚበቅል ሌላ ዓይነት ነበር። ይህንን ከሜዱላሪ እንዴት ትለዩታላችሁ?

የእንስሳት ፓቶሎጂስት (ዊስኮንሲን)

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱም የነርቭና የሆርሞን ጠባይ ስላላቸው ክሮሞግራኒን በሚባለው ማቅለሚያ ሁለቱም አዎንታዊ ይሆናሉ፤ በዚያ ብቻ የፈረደ ሰው ሊስት ይችላል። ሜዱላሪ ካልሲቶኒን፣ ቲቲኤፍ-1 እና ሳይቶኬራቲን አለው፤ የካሮቲዱ እብጠት ግን እነዚህ የሉትም። ተመሳሳይ ግራ መጋባት በልብ ሥር በሚበቅሉ እብጠቶች ላይም ይገጥማል፤ በውሻ ከምላስ ሥር ጀምሮ እስከ ልብ ሥር ድረስ ከቦታው ውጭ የቀረ የታይሮይድ ሕብረ ሕዋስ ሊኖር ስለሚችል ከዚያም ካንሰር ይነሣል። ምላሱ ሥር እብጠት ያለበት ውሻ ሲገጥማችሁ ታይሮይድን ከዝርዝሩ አታውጡ።

የቡቺ ባለቤት (ሲያትል)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሲቲውን ጽሑፍ እንደተመከርሁት ደግሜ አነበብሁ፤ ከጉሮሮ ጀርባ ያሉት ንፍፊቶች አላበጡም፣ የቀኙ ዕጢም ብሩህና ትክክለኛ ነው ይላል። ማቅለሚያውንም አሠራሁ። ውጤቱ «ካልሲቶኒን በካንሰሩ ሁሉ ላይ በጠንካራ ሁኔታ አዎንታዊ፤ ታይሮግሎቡሊን በጠርዝ ካሉ ጥቂት ፎሊክሎች በቀር አሉታዊ፤ ቲቲኤፍ-1 አዎንታዊ፤ ድምዳሜ፦ ሜዱላሪ ካርሲኖማ» የሚል ነው። አሁን ክትትሉ ምን ይምሰል? የደም ካልሲቶኒን መለካትስ ይቻላልን? ወንድሞቹና እኅቶቹ ያሉበትን ቤት አውቃለሁ፤ ልንገራቸውን?

ቀዶ ሐኪም (ቶሮንቶ)

እንግዲህ ማቅለሚያው ዋጋውን አወጣ፤ ዶክተሩ ረቱኝ።

ለክትትል በመጀመሪያው ዓመት በየሦስት ወሩ አንገቱ ይዳሰስ፣ የአንገቱ አልትራሳውንድና የደረቱ ምስል ይነሣ፤ ከዚያ በኋላ ጊዜውን ማራራቅ ይቻላል። በሰው ሜዱላሪ ካንሰር የደም ካልሲቶኒን ዋና መከታተያ ነው፤ ለውሻ ግን ተረጋግጦ በየቤተ ሙከራው የሚሰጥ ምርመራ ስላልሆነ በእሱ አይተማመኑ። ካልሲየም ትክክል ሆኖ መገኘቱም ካንሰሩ አልተመለሰም ማለት አይደለም። ሌላ አንድ ነገር፦ አልፎ አልፎ ሜዱላሪ ከአድሬናል (ከኩላሊት አጠገብ ያለ ዕጢ) ወይም ከፓራታይሮይድ (ከታይሮይድ አጠገብ ያለ ትንሽ ዕጢ) እብጠት ጋር በአንድ ውሻ ላይ ተገኝቷል። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮ የሆዱ አልትራሳውንድ አድሬናሎቹን ጨምሮ ይታይ፤ የደም ግፊቱም ይለካ። የወጣው አንድ ወገን ብቻ ስለሆነ የዕለት ተዕለት ካልሲየም ወይም የታይሮይድ ክኒን አያስፈልገውም።

የእንስሳት ፓቶሎጂስት (ዊስኮንሲን)

ስለ ዘመዶቹ፦ በሰው ዘንድ ሬት (RET) በሚባል ጂን ላይ የሚወረስ ለውጥ ሜዱላሪን በቤተሰብ ያስከትላል። በውሻም በአንድ ቤተሰብ ውስጥ የተደጋገመ ሜዱላሪ ተዘግቧል፤ ነገር ግን ለቢግል የሚሰጥ የጂን ምርመራ አላውቅም። በሌላ በኩል በኔዘርላንድ በሚገኙ የጀርመን ረጅም ጠጉር ፖይንተር ውሾች የሚወረስ ካንሰር በቲፒኦ ጂን ላይ ካለ ለውጥ ጋር ተያይዟል፤ ያ ግን ፎሊኩላር ዓይነት ነው። ወንድሞቹን ላሳደጉ ሰዎች ቢነግሩ ጉዳት የለውም፤ የሚጠበቅባቸው በዓመታዊ ምርመራ አንገታቸውን በጥንቃቄ ማስዳሰስ ብቻ ነው።

በተረፈ የቡቺን የፓቶሎጂ መዝገብ ቁጥር ጽፈው ያስቀምጡ። ቤተ ሙከራው የሰም ቁራጮቹን ለተወሰኑ ዓመታት ያቆያል፤ የሚያቆይበትን ጊዜ ጠይቀው ከማለቁ በፊት ለእርስዎ ወይም ለሐኪምዎ እንዲመልሱት በጽሑፍ ያሳውቋቸው። ወደፊት በሳንባው ወይም በንፍፊቱ ላይ አዲስ ነገር ቢታይ ከቀድሞው ጎን አድርገን በአንድ ማቅለሚያ ልናነጻጽረው እንችላለን።